ቡድን ኮች ለማድረግ የትኛው መንገድ ይሻላል? በማስረጃ የመምረጫ መመሪያ

ኮቺንግ፣ ማለትም አንድን ሰው ወይም ቡድን በጥያቄና በምልከታ ሥራውን ራሱ እንዲያሻሽል ማገዝ፣ አሁን አሁን በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለጋል። ባንኩ ይጠይቃል፣ ኤንጂኦው ይጠይቃል፣ አራት ሰው ይዞ የጀመረው የሶፍትዌር ድርጅት እንኳ ይጠይቃል። ኮቹም አልጠፋም። ግን ብዙው ኮች አንድ ዘዴ ይማራል፣ ሰርተፊኬቱን ይይዛል፣ ከዚያ የገባበትን ቡድን ሁሉ በዚያችው ዘዴ ያክማል። የሽያጭ ቡድን ይሁን የነርሶች፣ ትናንት የተዋቀረ ይሁን አሥር ዓመት አብሮ የኖረ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው።

ይህ መመሪያ ቡድን ኮች እንዲያደርጉ ለተጠየቁ የሰው ኃይል ባለሙያዎች፣ ለክፍል ኃላፊዎችና በግል ለሚሠሩ ኮቾች ነው። ኮች ለመቅጠር የሚያስብ አለቃም ቢያነበው አይጎዳም። የታወቁትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ምን ማስረጃ እንዳለው፣ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ ገንዘብ ማባከን እንደሚሆን እናገራለሁ። እኩል አላያቸውም፤ ይህንንም አልደብቅም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማስረጃ የምንለው የቱን ነው?

ሐሳቡ የመጣው ከሕክምና ነው። ዴቪድ ሳኬትና ባልደረቦቹ በ1996 ባወጡት አጭር ጽሑፍ ሐኪም ጥሩ ምርምርን፣ የራሱን ልምድና የታካሚውን ፍላጎት አጣምሮ ይወስን ብለው ነበር። ቆይቶ የማኔጅመንት ተመራማሪዎች፣ እነ ዴኒዝ ሩሶና ሮብ ብራይነር፣ ድርጅቱ ራሱ በእጁ ያለውን መረጃ ጨመሩበት።

ስለዚህ ኮቹ አራት ምንጭ አለው። ምርምሩ አለ። ልምዱ አለ። የድርጅቱ ቁጥሮች አሉ፤ ስንት ፋይል ዘገየ፣ ስንት ደንበኛ ቅሬታ አቀረበ፣ ስንት ሰው ለቀቀ። አራተኛው ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች የሚሉት ነው። ከአራቱ አንዱን ብቻ ይዞ መሄድ ያሳስታል። ምርምር ብቻ ያነበበ ኮች የቦስተኑን ቡድን መርካቶ ላይ ይፈልጋል። ልምድ ብቻ ያለው ደግሞ የሚያስታውሰው የተሳካለትን ቡድን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ይነገር። ስለ ቡድን ኮቺንግ ራሱ የተሠራ ጠንካራ ጥናት ብዙ አይደለም። የአንድ ለአንድ ኮቺንግ የተሻለ ተጠንቷል። ቡድኖች እንዴት እንደሚሠሩ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተጠንቷል። የሚያዋጣው ኮቺንጉን በዚህኛው ላይ መመሥረት ነው። "ዘዴዬ መቶ በመቶ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው" የሚል ኮች ከመጣ ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት።

አወቃቀሩን ቀድሞ ማየት

አለቃ ሲደውል ብዙ ጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ "ቡድኑ አልግባባ ብሏል፣ እስቲ አንድ ነገር አድርግልን።" ኮቹም ስለ መግባባት ሥልጠና ያዘጋጃል። እዚህ ላይ ነው ሪቻርድ ሃክማን የሚያስፈልገን።

የሃርቫርዱ ሃክማን ረጅም ዕድሜውን ቡድኖችን ሲያጠና ኖሯል፤ የአውሮፕላን አብራሪዎችን፣ ኦርኬስትራዎችን፣ የስለላ ተንታኞችን ሳይቀር። ከሩት ዌጅማን ጋር በ2005 ባወጡት የቡድን ኮቺንግ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ኮቺንግ የሚጠቅመው ሦስት ነገር ላይ ሲያተኩር ነው፦ ሰዎቹ በሚያወጡት ጥረት፣ በሥራው ስልት፣ ባላቸው ዕውቀትና ክህሎት አጠቃቀም። በአባላቱ መካከል ያለው ፍቅርና ኩርፊያ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ተረስቶም አይደለም። ኩርፊያው ብዙ ጊዜ የተበላሸ አወቃቀር ውጤት ነው እንጂ መነሻው አይደለም ብለው ስለሚያምኑ ነው።

አንድ የብድር ክፍል እንውሰድ። ወይዘሮ ሀ የሚመዘኑት ባስገቡት ብድር ብዛት ነው። አቶ ለ የሚመዘኑት ባልተመለሰው ብድር ማነስ ነው። ሁለቱ አይጣሉም ብሎ መጠበቅ ይከብዳል፤ መመዘኛው ራሱ ያጣላቸዋል። የመግባባት ሥልጠና ብትሰጧቸው ዓርብ ይተቃቀፋሉ፣ ሰኞ ይጣላሉ። ሥልጠናውን ሰርዛችሁ አንድ የጋራ መመዘኛ ብታስቀምጡላቸው ይሻላል።

ለዚህ የሚጠቀሰው ጥናት ዌጅማን በ2001 ያሳተመችው ነው። በዜሮክስ ኩባንያ ራሳቸውን በራሳቸው የሚመሩ 43 የጥገና ባለሙያ ቡድኖችን አየች። በቡድኖቹ ውጤት ላይ ከመሪው የኮቺንግ ችሎታ ይልቅ አወቃቀሩ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሚና ነበረው። ሌላም ነገር አገኘች። ጥሩ ኮቺንግ ይበልጥ የጠቀመው በደንብ የተዋቀሩትን ነው። መጥፎ ኮቺንግ ይበልጥ የጎዳው ደግሞ በመጥፎ የተዋቀሩትን። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው ማለት ነው። ሃክማን በኋላ የቡድን ውጤት ከምን እንደሚመጣ በጥቅሉ ሲገምት 60 በመቶው አወቃቀር፣ 30 በመቶው ቡድኑ ሥራውን የሚጀምርበት መንገድ፣ 10 በመቶው ኮቺንግ ነው ይል ነበር። የእጅ ግምት ነው፤ በሚዛን የተለካ ቁጥር አድርጋችሁ ፓወርፖይንት ላይ አትለጥፉት። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፤ ለእኛ ለኮቾች ደስ የሚል ባይሆንም።

በተግባር ምን ታያላችሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ የሚያስቅ ይመስላል፦ "የዚህ ቡድን አባላት እነማን ናቸው?" አትሳቁ። እነ ዌጅማንና ሃክማን 120 የከፍተኛ አመራር ቡድኖችን ሲያጠኑ አባላቱ እነማን እንደሆኑ በሙሉ የተስማሙት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ቀጥሎ ብዛቱን እዩ፤ ሃክማን ቡድን ከአንድ አኃዝ እንዳያልፍ ይመክር ነበር። አሥራ ስምንት ሰው ተቀምጦ ስብሰባ እንጂ ቡድን አይሆንም። ከዚያ ግቡን፣ ማን ምን የመወሰን ሥልጣን እንዳለው፣ ማበረታቻው ለቡድን ነው ለግለሰብ የሚለውን።

ይህ መንገድ ስለ ጊዜም የሚለው አለው፤ ከሁሉም የሚጠቅመኝ እሱ ነው። ኮኒ ገርሲክ በ1988 ያሳተመችው ጥናት ከሰባት ቀን እስከ ስድስት ወር ዕድሜ የነበራቸውን 8 የፕሮጀክት ቡድኖች ተከታተለ። ሁሉም ቡድን የመጣበትን አሠራር ጥሎ በአዲስ መንገድ የጀመረው የጊዜው ግማሽ ላይ ሲደርስ ነበር። የሰባት ቀኑም፣ የስድስት ወሩም። እነ ሃክማን ከዚህ ተነስተው ኮቺንጉን በሦስት ከፈሉት። መጀመሪያ ላይ ስለ ግብና ስለ ተነሳሽነት፣ መካከል ላይ ስለ ስልት፣ መጨረሻ ላይ ስለ ትምህርት። ገና ሥራ ያልጀመረን ቡድን ስለ ስልት ማስጨነቅ ሰሚ አያገኝም። የጊዜው ግማሽ ላይ ግን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ድክመቱ ምንድን ነው? አወቃቀር ለመቀየር ሥልጣን ይፈልጋል፤ ኮች ደግሞ ሥልጣን የለውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዋቅሩ ከላይ ወርዶ ነው የሚመጣው፤ የቡድን መሪው ራሱ አንድ የሥራ መደብ ማዛወር አይችልም። ስለዚህ ይህን መንገድ የምትመርጡት የጠራችሁ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር የመቀየር አቅም ካለው ነው። ከሌለው ሊቀየር የሚችለውን ትንሹን ፈልጉ። የስብሰባው አጀንዳ፣ የሥራ ክፍፍሉ፣ ሪፖርቱ ለማን እንደሚሄድ። ከመዋቅር በታች ያለ መዋቅር ሁልጊዜ አለ።

ከሥራ በኋላ መለስ ብሎ ማየት

ከምታገኟቸው መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ይህ የኋላ ምልከታ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1970ዎቹ ለሥልጠና ማዕከሎቹ ያዘጋጀው ዘዴ ነው፤ ከልምምድ በኋላ ሁሉም ተቀምጦ አራት ጥያቄ ይመልሳል። ምን እንዲሆን አስበን ነበር? ምን ሆነ? ለምን ልዩነት መጣ? በሚቀጥለው ምን እናድርግ? ዛሬ ሆስፒታሎችም፣ አየር መንገዶችም ይጠቀሙበታል።

ማስረጃው ጥሩ ነው። ታነንባውምና ሴራሶሊ በ2013 የ46 ናሙናዎችን ውጤት አንድ ላይ ሲያዩ እንዲህ ዓይነት ውይይት ያደረጉ ቡድኖችና ግለሰቦች ሥራቸው በአማካይ 25 በመቶ ገደማ ተሻሽሎ ነበር። ሆቴል አይፈልግ፣ አበል አይፈልግ፣ የውጭ አማካሪ አይፈልግ። ታዲያ ለምን ሁሉም አያደርገውም?

እኛ ዘንድ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሂስና ግለ ሂስ ያየ ትውልድ ነው ወንበሩ ላይ ያለው። ግምገማ ላይ ተቀምጦ ስሙ ሲነሳ የሰማ፣ ወይም የባልደረባውን ስም እንዲያነሳ የተገፋ ሰው፣ "ምን ተሳሳትን?" ስትሉት የሚሰማው "ማነው ያጠፋው?" የሚል ነው። በዚያ ላይ ቢፒአር (የአሠራር ሂደት ለውጥ)፣ ቢኤስሲ (የውጤት መመዘኛ)፣ አንድ ለአምስት (ሠራተኛን በትንንሽ ቡድን ማደራጀት) እየተባለ ብዙ ነገር ከላይ ወርዶበታል። አንድ ለአምስቱን እንደ መቆጣጠሪያ እንጂ እንደ ቡድን ሥራ ያላዩት ብዙ ናቸው። ስለዚህ የእናንተን አራት ጥያቄ ጨዋ በሆነ መንገድ መልሶላችሁ፣ ምንም ሳይናገር ይወጣል።

ፍርሃቱን ምርምሩም ይደግፈዋል። ክሉገርና ዴኒሲ በ1996 ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ጥናቶችን በሰፊው ሲሰበስቡ ከሦስት አጋጣሚዎች ከአንድ በላይ በሚሆኑት ግብረ መልሱ ሥራውን አሻሽሎ ሳይሆን አበላሽቶ ተገኝቷል። የእነሱ ማብራሪያ የሰውዬው ትኩረት ከሥራው ወደ ራሱ ማንነት ሲዞር ውጤቱ ይወርዳል የሚል ነው። ጥሩ የኋላ ምልከታ ስለ ሥራው ያወራል። መጥፎ ግምገማ ስለ ሰውዬው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 በመቶ መሻሻልና ቀጥተኛ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ መሣሪያውን እንዳለ ከመቅዳት እኛ አገር ለሚሠራው ማበጀት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቃለ ጉባኤ አይያዝ። የሚጻፈው "በሚቀጥለው ምን እናድርግ" የሚለው ብቻ ነው፤ ያም አንድ ገጽ አይሞላም። ከዕድገትና ከደመወዝ ጭማሪ ጋር በምንም መልኩ እንዳይያያዝ አለቃው በቡድኑ ፊት ይናገር። ጥሩ የሄደ ሥራም ይታይ፤ የተበላሸ ቀን ብቻ የሚጠራ ስብሰባ ቶሎ ፍርድ ቤት ይሆናል። የድርጊቱ ቅደም ተከተል በቦርድ ላይ ይጻፍ፦ ማክሰኞ ጠዋት ትዕዛዝ መጣ፣ ሐሙስ መጋዘን ደረሰ። ሰዓትና ቀን ሲጻፍ ስም መጥራት ይቀንሳል። የመናገር ተራውንም ገልብጡት። አንጋፋው ከተናገረ በኋላ ወጣቱ ይቃወማል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አንቱ የሚለውን ሰው ፊት ለፊት ተሳስተዋል አይልም። መጀመሪያ ሁሉም በብጣሽ ወረቀት ይጻፍ፣ ወረቀቱ ይቀላቀል፣ ከዚያ ይነበብ።

ፋብሪካ ውስጥ ከሆናችሁ አዲስ ነገር አትጀምሩ። ካይዘን የሚባለው፣ ሠራተኛው ራሱ አሠራሩን በየጊዜው የሚያሻሽልበት የጃፓን ዘዴ አለ። በጃፓን ድጋፍ ከ2009 እስከ 2011 በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ ነው በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው። የካይዘን ቡድን ብክነትን ይፈልጋል እንጂ ጥፋተኛን አይፈልግም፤ ቢያንስ እንደ ታሰበው። ሠራተኛው የለመደው ቦርድና የለመደው ሰዓት ስላለ አራቱን ጥያቄዎች እዚያው ላይ መትከል ይቀላል።

ይህን መንገድ የምትመርጡት ሥራው ዙር ካለው ነው። ዝግጅት አድርጎ የሚጨርስ፣ ፕሮጀክት የሚያስረክብ፣ ወር በገባ ቁጥር ሂሳብ የሚዘጋ ቡድን ለዚህ የተመቸ ነው። ዙር የሌለው ሥራ ላይ ውይይቱ ይንሳፈፋል።

ሳይፈሩ መናገር

ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። የተሻለ አመራር ያላቸው ቡድኖች ብዙ ስህተት አስመዝግበው አገኘቻቸው። ይበልጥ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ ስህተታቸውን ለመናገር ስለማይፈሩ ነው። በ1999 ደግሞ በአንድ አምራች ኩባንያ 51 ቡድኖችን አጥንታ ሳይፈራ የሚናገር ቡድን የበለጠ እንደሚማርና በዚያም በኩል ውጤቱ እንደሚሻሻል አሳየች። ጉግል ከ180 በላይ ቡድኖቹን ሲያጠና ቡድኑ ውስጥ ማን አለ ከሚለው ይልቅ እንዴት አብረው ይሠራሉ የሚለው እንደሚበልጥ አገኘ፤ ከነገሮቹ ሁሉ ቀዳሚው ይኸው አለመፍራት ነበር።

"ዝም አይነቅዝም" ብሎ ያደገ ሰው፣ "ንጉሥ አይከሰስ" የሚል ተረት ያለው አገር፣ ይህን መንገድ ቢፈልገው አይገርምም። ግን የሚሸጥበት መንገድ ያሳስበኛል። ሰው ሰብስቦ "እዚህ ቤት ፍርሃት የለም፣ በነፃነት ተናገሩ" ማለት ምንም አይቀይርም። ተሳታፊው የሚያየው አለቃውን ነው። መጥፎ ዜና ይዞ የገባ ሰው ምን ገጠመው? የሚታወቀው ያኔ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የቡድኑ ኮቺንግ የሚጀምረው ከአለቃው ጋር ለብቻ በሚደረግ ንግግር ነው። ስብሰባው ውስጥ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አለቃው ስንት ጊዜ ጠየቀ፣ ስንት ጊዜ አቋረጠ፣ ችግር ሲነገረው የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር? ያያችሁትን በር ዘግታችሁ ንገሩት። በሰው ፊት ከነገራችሁት ሥራው አበቃ።

መቼ ይመረጣል? ሪፖርቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ደንበኛው ሲያለቅስ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ተስማምቶ ኮሪደር ላይ ሌላ ሲወራ። አለመፍራት ብቻውን ግን ውጤት አያመጣም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ግቡን የማያውቅ ቡድን ጥሩ ወሬ ይዞ ነው የሚቀረው።

ስለ ችግሩ ወይስ ስለ መፍትሔው?

ሚልዋኪ ውስጥ ስቲቭ ደ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ ለቤተሰብ ምክር ያዳበሩት አካሄድ ወደ ኮቺንግም ገብቷል። "ችግሩ ለምን መጣ?" ብሎ ከመቆፈር "ከ10 ስንት ላይ ናችሁ? 4 ካላችሁ ለምን 2 አልሆነም? 5 ቢሆን ምን ይታያል?" ብሎ ይጠይቃል። ጆን ዊትሞር ያስተዋወቀው ጎል፣ እውነታ፣ አማራጭ፣ ቆራጥነት የሚለው ቅደም ተከተልም የዚሁ ዘመድ ነው።

የሲድኒ ዩኒቨርሲቲው አንቶኒ ግራንት ሁለቱን የጥያቄ ዓይነቶች ሲያወዳድር ሁለቱም ሰውን ወደ ግቡ አቅርበውታል። የመፍትሔ ጥያቄዎቹ ግን የሰዎቹን ስሜትና በራስ መተማመንም ከፍ አድርገዋል። ልብ በሉ፣ የተጠኑት ግለሰቦች ናቸው። ወደ ቡድን ስናመጣው በግምት እየሄድን ነው፤ ምክንያታዊ ግምት ቢሆንም።

ለእኔ ይህ የመጠየቂያ ዘይቤ እንጂ ሙሉ መንገድ አይደለም። ለተሰላቸ ቡድን በጣም ይረዳል። የ1 እስከ 10 ጥያቄው ደግሞ ዓይን አፋር ሰውንም ያናግራል፤ ቁጥር መጥራት ከመናዘዝ ይቀላል። ደመወዝ በሰዓቱ የማይከፈልበት ቤት ገብታችሁ "ጥሩ የሆነው ምንድን ነው?" ብትሉ ግን ታስቀይማላችሁ።

ከቡድኑ አጥር ውጭ

ፒተር ሃውኪንስ በተለይ የከፍተኛ አመራር ቡድኖችን ይዞ ያዳበረው አካሄድ አምስት ዘርፎች አሉት፤ ቡድኑ ከላይ የተሰጠው ተልእኮ፣ ራሱ ግልጽ ያደረገው ዓላማ፣ አብሮ የሚሠራበት መንገድ፣ ከውጭ ባለ ድርሻዎች ጋር ያለው ግንኙነት፣ በመጨረሻም መማሩ። ጥንካሬው ጥያቄውን ማዞሩ ነው። "እናንተ እንዴት ናችሁ?" ሳይሆን "እናንተን የሚፈልጉ ሰዎች ከእናንተ ምን ይጠብቃሉ?" ይላል። ለጋሽ፣ መንግሥትና ተጠቃሚ ማኅበረሰብ በሦስት አቅጣጫ ለሚጎትቱት ኤንጂኦ አመራር ይህ ጥያቄ ልክ ይመጣል።

ማስረጃው በአብዛኛው ከተግባር ልምድና ከየድርጅቱ ታሪክ የተሰበሰበ ነው፤ እንደ ኋላ ምልከታው በቁጥር የተመዘነ አይደለም። ጊዜም ይወስዳል። ለአምስት ሰው የደንበኞች አገልግሎት ዴስክ አይጠራም።

አራቱ ደረጃዎች

መመሥረት፣ መጋጨት፣ መስማማት፣ መሥራት። ይህን ያላየ ሠልጣኝ የለም። ብሩስ ታክማን በ1965 ያወጣው ነው፤ 50 ጽሑፎችን አንብቦ። ብዙዎቹ የተጻፉት ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ቡድኖች እንጂ ስለ ሥራ ቡድኖች አልነበረም፤ ይህን ድክመት ራሱም ጠቅሷል። በ1977 አምስተኛ ደረጃ፣ መለያየትን፣ ጨመረበት። የገርሲክ ቡድኖች ግን በዚህ ቅደም ተከተል አልሄዱም። ለአዲስ ቡድን "መጋጨት ያለ ነው፣ አትደንግጡ" ለማለት ይጠቅማል። ከዚያ ካለፈ "ገና መጋጨት ደረጃ ላይ ነን" እያለ ችግሩን ለዓመት የሚያስቀምጥ አለቃ ይፈለፍላል።

የጠባይ ፈተናና የሽርሽር ጨዋታ

ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የሠሩት ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍል መጠይቅ አሁንም በየወርክሾፑ አለ። ሰው ይወደዋል። ስለ ራስ ማንበብ ማን ይጠላል? ችግሩ ያው ሰው ከሳምንታት በኋላ ሲፈተን ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ነው። ለቅጥር እንዳይውል አሳታሚው ራሱ ያስጠነቅቃል። ለግማሽ ሰዓት ጨዋታ ማሟሟቂያ ይሁን፤ "እሱ እኮ ውስጠ ዝግ ነው" ብሎ ሥራ ለማከፋፈል አይሁን።

ቲም ቢልዲንግ የሚባለውን፣ ቡድንን ለማጠናከር የሚዘጋጀውን ጨዋታና ውይይት፣ በጅምላ አላጣጥልም። በ2009 የታተመው የእነ ክላይን ሰፊ ጥናት በቲም ቢልዲንግ ውስጥ ያሉትን አራት ነገሮች ለያይቶ አይቷል። ሁሉም የተወሰነ ጥቅም ነበራቸው፤ ጎልተው የወጡት ግን ግብ ማስቀመጥና ሚናን ግልጽ ማድረግ ናቸው። ገመድ ጉተታው ያዝናናል። ለውጥ የሚያመጣው ግን "ይህን ውሳኔ የሚወስነው ማነው?" የሚለው አሰልቺ ውይይት ነው።

ታዲያ እንዴት ይጣመር?

የራሴ ቅደም ተከተል ይኸውና። መሠረቱ አወቃቀርና ጊዜ ነው፤ ምንም ሳላደርግ በፊት እሱን አያለሁ። የዘወትር መሣሪያዬ የኋላ ምልከታ ነው። ሰው የማይናገር ከሆነ የኋላ ምልከታውን አቁሜ ወደ አለቃው እመለሳለሁ። የመፍትሔ ጥያቄዎች በሁሉም መካከል ይገባሉ። የሃውኪንስን ለከፍተኛ አመራር አስቀምጣለሁ። የጠባይ ፈተና ካልተጠየቅኩ አላነሳም።

እናንተ ሌላ ቅደም ተከተል ልትይዙ ትችላላችሁ። ብቻ አንድ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ቡድን ለምን ይወድቃል ብላችሁ ታምናላችሁ፣ ምን ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ፣ ምን ብታዩ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ? የመጨረሻዋን መመለስ ካቃታችሁ የያዛችሁት እምነት እንጂ በማስረጃ የተደገፈ አካሄድ አይደለም።

ከውስጥ ኮችና ከውጭ ኮች የቱ ይሻላል ለሚለው፣ የኋላ ምልከታን የቡድን መሪው ራሱ ቢመራው ይሻላል፤ ሁልጊዜ እዚያው አለና። ችግሩ አለቃው ራሱ ሲሆን ግን የውስጥ ሰው አይችለውም። እሱም ደመወዝተኛ ነው። ከውጭ የምትመጡ ከሆነ ውል ስትይዙ አንድ ነገር በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የሰማችሁት በስም ወደ አለቃ አይሄድም። ምክንያቱም በሁለተኛው ሳምንት "ለመሆኑ የሚያስቸግረው ማነው?" መባሉ አይቀርም።

መሥራቱን በምን እናውቃለን?

"በጣም አሪፍ ነበር" በሚል የግምገማ ቅጽ አይታወቅም። ሰው የወደደው ሁሉ አይሠራም፤ ምሳውም አሪፍ ነበር።

ከመጀመራችሁ በፊት ድርጅቱ ቀድሞ የሚቆጥራትን አንዲት ቁጥር ምረጡ። ለብድር ክፍሉ አንድ ፋይል የሚፈጀው ቀን፣ ለክሊኒኩ የታካሚ መጠበቂያ ሰዓት። ከእሷ ጋር ሁለት አጭር ጥያቄ ለአባላቱ፣ ስም ሳይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ መልሱ። አንድ ወጥመድ አለ። ኮች የሚጠራው ነገሩ በጣም ሲከፋ ነው፤ በጣም የከፋ ነገር ደግሞ ማንም ባይነካውም ትንሽ መለስ ይላል። ስለዚህ ከተቻለ ኮች ያልገባበት ተመሳሳይ ቅርንጫፍ ቁጥሩን አብራችሁ ያዙ። እሱም በዚያው ልክ ከተሻሻለ ምስጋናው የእናንተ አይደለም።

ሆቴሉ ቀድሞ ከተያዘ

ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ ለመምረጥ ዕድሉ አይገኝም። የሚደወለው "ሐሙስና ዓርብ ቢሾፍቱ ነን፣ ሆቴሉ ተይዟል፣ አንዱ ቀን ያንተ ነው" ተብሎ ነው። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ግን የግድ አይደለም። ከጉዞው በፊት አለቃውን ለብቻው አንድ ሰዓት አግኙትና በዚህ ቡድን ውስጥ መቀየር የሚችለውን አንድ ነገር ጠይቁት። ጠዋቱን ለግብና ለሚና ስጡት፤ እያንዳንዱ "እኔ የምወስነው ይህ ነው፣ ከእገሌ የምፈልገው ይህ ነው" ብሎ ይጻፍ፣ ያልተጣጣመው ይውጣ። ከሰዓት በኋላ ልቀቋቸው፣ ሐይቁ ዳር ይቀመጡ። የዋጋ ማቅረቢያችሁ ውስጥ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ቢሮ ውስጥ የሚደረግ የግማሽ ቀን ስብሰባ አስገቡ። እሱ ካልተፈቀደ ሥራውን እንደ አንድ ቀን ሥልጠና ተቀበሉት እንጂ ኮቺንግ ብላችሁ ደረሰኝ አትቁረጡ።